መርዶ ያልደረሳት አሰልጣኝ

ባለፈው ክረምት የልጄ የቆዳ ጫማ ውኃ እያስገባ ቢያስቸግረን፣ ከሥጋ ቤት ትንሽ ሞራ ለምኜ አመጣሁ። በአሮጌ ጣሳ አቅልጬ፣ በጨርቅ እየነከርኩ ጫማውን ማሸት ጀመርኩ። ያ ከባድ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ፣ "እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?" አለች። እጄ ባሕር ዳር ላይ ጫማ ያሻል፤ እኔ ግን ደብረ ታቦር፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ነበርኩ። ሞራ የጠጣ ኳስ ታቅፌ የቲቸር ማንጠግቦሽን ፊሽካ እጠብቅ ነበር።

ኳሱ የቆዳ ነበር። ስፌቱ በጫማ ሰፊ ክር ተደጋግሞ የተጠገነ፣ ዝናብ ሲነካው እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚሰነጠቅ። ሞራ የምንቀባው ለዚህ ነበር። ክንዳችን ላይ ሲያርፍ ቀይ ሰንበርና ቅባት ትቶብን ይሄዳል። እናቴ ማታ ክንዴን እያየች፣ "ኳስ ነው ወይስ አለንጋ?" ትለኝ ነበር። ሜዳው ወደ ታች ያዘነብላል፤ አንዷ ከሳተችው ኳሱ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ እስከ ወንዙ ይንከባለላል። መስመሩን የምናሰምረው ከየቤታችን በላስቲክ ቋጥረን በምናመጣው አመድ ነበር። መረቡ የቃጫ ገመድ ነው፤ በሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች መካከል ተወጥሯል። ከማዶ የጉና ተራራ ይታያል። ጠዋት ጭጋግ ተከናንቦ ይውልና ከሰዓት በኋላ ቀዝቃዛ ነፋሱን ይልክብናል። እኛ ከጉርድ ቀሚሳችን ሥር ሱሪ፣ ከሱሪው ሥር የተቀደደ ሸራ ጫማ አድርገን እንጫወት ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ብዙም አልቆየም። ከከተማው መውጫ መንገድ ዳር የተቃጠለ ታንክ ቆሞ ነበር፤ የሰፈሩ ሴቶች ያጠቡትን ልብስ ያሰጡበታል።

ቲቸር ማንጠግቦሽ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነበረች። ፊት ለፊት ከአንቱ በቀር ሌላ ብለናት አናውቅም። አሁን ሳስታውሳት ግን አንደበቴ "እሷ" ይላል፤ ያን ጊዜ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌአለሁና ነው መሰለኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻዋ ጎበጥ ያለ ሴት ነበረች። ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ሹራብ ትለብሳለች። ጥቁር ብትለብስ በቁሙ ቀበረችው ይሏታል፤ ደማቅ ብትለብስ ረሳችው ይሏታል። ስለዚህ ግራጫ።

የሚሉት ስለ ባሏ ነው። በደርግ ጦር ውስጥ መቶ አለቃ ነበር። ጦርነቱ ሊያልቅ ገደማ ወደ ግንባር ሄደና አልተመለሰም። መንግሥት ሲወድቅ የተበተኑት ወታደሮች አንዱ በሱዳን ዞሮ፣ ሌላው እግሩ ቆስሎ፣ ጢሙ አድጎ እናቱ እንኳ ሳትለየው፣ እየተንጠባጠቡ ወደየቤታቸው ገቡ። በአንዱ ቤት እልልታ ሲሰማ በሌላው ሽማግሌዎች ከንጋት በፊት መጥተው መርዶ ያረዳሉ፤ ረፋዱ ላይ ድንኳን ይተከላል። ቲቸር ማንጠግቦሽ ቤት ግን እልልታም መርዶም አልመጣም። መርዶው ያልተነገረ ሰው አይለቀስለትም። ተዝካሩም አይወጣም። ሚስቱም ሚስቱ እንደሆነች ትኖራለች።

የምትኖረው ከባሏ እናት ከእማሆይ ላቀች ጋር ነበር። እማሆይ ልጃቸው በጠፋ ሰሞን ጣራ ገዳምን ልሳለም ብለው ሄደው፣ ቆብ ጭነው ነው የተመለሱት። ሰው ሁሉ ዕድሜያቸው ስለደረሰ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ እግራቸው እያበጠ መንቀሳቀስ ስላቃታቸው ደጃፍ ላይ ባለው መደብ ተቀምጠው ይውላሉ፤ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ አላፊ አግዳሚውን እየመረቁ። ደግ ሴት ነበሩ፤ ለእኛ ለልጆች ቆሎ ከመቀነታቸው አይጠፋም። አመሻሽ ላይ ግን የአጥሩን በር የሚዘጋ ሰው አይወዱም።

"ልጄ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ምን ይላል?" ይላሉ።

ስለዚህ በሩ እስከ መኝታ ሰዓት ክፍት ነው። ቲቸር ማንጠግቦሽ ልጅ አልወለደችም። ከትምህርት ቤት ቀጥታ ቤቷ ትገባለች፤ የአማቷን እግር አጥባ፣ እራት ሠርታ፣ በተከፈተው በር ትይዩ ተቀምጣ ፈተና ታርማለች። ወላጆቿ እስቴ ነበሩ፤ እነሱን ጠይቃ እንኳ በዚያው ቀን ነበር የምትመለሰው። በጉልበት የያዛት ሰው አልነበረም። ግን ሰፈሩ በሙሉ እንደ አደራ ዕቃ ያያት ነበር፤ ባለቤቱ እስኪመጣ የተቀመጠ የሰው ዕቃ። ወንድ መምህራን እንኳ ሲያነጋግሯት ራቅ ብለው ነው። የሻይ እረፍት ላይ እንደ ሌሎቹ ሴት መምህራን ተሰብስባ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የስፖርት አስተማሪያችን ተዛውሮ ሄደ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ትምህርት ቤቶች የሴት መረብ ኳስ ቡድን ያቋቁሙ የሚል መመሪያ መጣ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ይርጋ ቲቸር ማንጠግቦሽን ቢሯቸው አስጠሯት። እዚያ የተባባሉትን ከዓመታት በኋላ ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች።

"ከዛሬ ጀምሮ የሴቶቹ አሰልጣኝ አንቺ ነሽ" አሏት።

"እኔ? ጋሼ ይርጋ፣ እኔ እኮ ኳስ ነክቼ አላውቅም!"

"ባልሽ የክፍለ ጦሩ መረብ ኳስ ተጫዋች አልነበረም እንዴ? ከሱ ጋር አንድ ቤት የኖረች ሴት መቼም ጭራሽ አይጠፋትም።"

እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ልምምዱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እንደሆነ ነገሯት። አፏን መልሳ ዘጋች።

"ያን ጊዜ ኳሱ አልነበረም የታየኝ" አለችኝ። "ክፍልም ያልሆነ፣ ቤትም ያልሆነ አንድ ሰዓት ነው የታየኝ።"

እማሆይም የልጃቸው ጨዋታ ነውና አልከለከሏትም።

መጀመሪያ ቀን ኳሱን ልክ እንዳይወድቅባት እንደምትሠጋለት ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ መካከላችን ቆመች። አንዷ፣ "ቲቸር፣ እንዴት ነው የሚመታው?" ብትላት ትንሽ አሰበችና፣ "ነገ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ሩጡ" አለች። ሮጥን። በማግስቱም ሮጥን። በሦስተኛው ሳምንት የሜዳውን ዙሪያ ሣር ጨርሰነው አቧራ ሆኖ ነበር።

የተማረችው ከወታደር ካምፑ አጥር ሥር ቆማ ነው። ያኔ ካምፑን የያዙት ታጋዮች ነበሩ፤ ባሏ የተዋጋቸው ሰዎች። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ መረብ ኳስ ይጫወታሉ። እሷ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዷን ጠምዘዝ ታደርግና ሽቦው አጠገብ ቆማ እግራቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ኳሱን ሲያነሱ ጣታቸውን ታያለች። አንዳንዴ እኛም ከኋላዋ እንቆማለን። አላፊው ሰው እሷን ያይና አንገቱን እየነቀነቀ ይሄዳል። አንድ ቀን አንዲት አጭር፣ ጎፈሬዋን ያበጠረች፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገች ታጋይ ኳሱን በብብቷ ይዛ ወደ ሽቦው መጣች። አማርኛዋ የትግርኛ ቅላፄ ነበረው።

"በየቀኑ ምንድን ነው እንዲህ አፍጥጠሽ የምታይው?"

"ልጆች አሠለጥናለሁ" አለች ቲቸር ማንጠግቦሽ። "ግን አልችልበትም።"

ታጋይዋ ከት ብላ ሳቀች። "ታዲያ ግቢያ!"

"አልገባም።"

ቲቸር ማንጠግቦሽ ለምን እንደማትገባ አልተናገረችም። ታጋይዋም አልጠየቀችም። ትንሽ ካየቻት በኋላ፣ "እንግዲያው እኔ እወጣለሁ" አለች።

ስሟ ለተብርሃን ነበር። በሚቀጥለው ቀን ሜዳችን ድረስ መጣች፤ ከዚያም ተረኛ ባልሆነችበት ቀን ሁሉ ትመጣ ነበር። እንዴት ዝቅ ብለን እንደምንጠብቅ፣ ኳሱን በክንዳችን እንዴት እንደምንቀበል፣ ወድቀን እንዴት እንደምንነሳ ያሳየችን እሷ ናት። ከሁሉ የከበደን ግን መጮህ ነበር።

"ኳስ በሁለት ሰው መካከል የሚወድቀው ሁለቱም ዝም ሲሉ ነው" ትለናለች። "'የኔ!' በሉ። የሚመጣው ወደ እናንተ ከሆነ 'የኔ!' ብላችሁ ጩኹ።"

እኛ ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንድንናገር ያደግን ልጆች ነን። አፋችን ይከፈታል፤ ድምፅ የለም። ለተብርሃን ቲቸር ማንጠግቦሽንም ሜዳ ውስጥ አስገብታ ኳስ ወረወረችላት። "ጩኺ እንጂ!" አለቻት። ቲቸር ማንጠግቦሽ ኳሱን እያየች ወደ ኋላ ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ከየት እንደወጣ የማይታወቅ ጎርናና ድምፅ፣ "የኔ!" አለ። ኳሱ ክንዷን መታና ወደ ጉና አቅጣጫ ከፍ ብሎ በረረ። እሷ ራሷ ደንግጣ በእጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ ፍንጭት መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወሬው ግን ሰፈሩን አዳረሰ። ከባሏ ጠላቶች ጋር ኳስ ትጫወታለች ተባለ። ውኃ ስንቀዳ፣ ገበያ ስንሄድ ሰማን። እሷም ሳትሰማ አልቀረችም፤ ግን ልምምድ ቀርታ አታውቅም።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳለን በረዶ ጣለ። ልጆቹ እየተሯሯጡ ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔ ኳሱን ላደርቅ ከመማሪያ ክፍሉ ጥግ ቀረሁ፤ እነሱም ሁለቱ በረንዳው ላይ ተጠለሉ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው በረዶ ጆሮ ያደነቁር ነበር። ሲቀንስ የቲቸር ማንጠግቦሽ ድምፅ ተሰማኝ።

"ለተብርሃን፣ ከጉና ወዲያ በተደረገው ውጊያ ነበርሽበት?"

"ነበርኩ።"

ቲቸር ማንጠግቦሽ የባሏን ጦር ስም ጠራች። የያዙት ምሽግ በየትኛው ሸንተረር ላይ እንደነበረ ተናገረች። "ከነሱ የተማረከ ነበር?" አለች።

ለተብርሃን ከኮንጎ ጫማዋ ጭቃውን በእንጨት እየጫረች ነበር። እጇን አቆመች። "ምንሽ ነው?"

"ባሌ ነው።"

ለተብርሃን እንጨቱን ጣለችው። ከዚያ አንገቷን ሳታነሳ፣ "ከዚያ ምሽግ የወጣ ሰው አላየሁም" አለች። "ከኛም ብዙ አልቋል። ወንድሜ እዚያው ነው። የናንተንም የኛንም አንድ ላይ ነው የቀበርነው። ስም የሚጠይቅ አልነበረም።"

ቲቸር ማንጠግቦሽ ዞራ ወደ ጉና አየች። በረዶው ጋርዶት ተራራው አይታይም ነበር። ለተብርሃን እጇን ዘርግታ ትከሻዋን ነካቻት፤ እሷም አልገፋቻትም። እንዲህ ሆነው ቆዩ። እኔ ኳሱን አቅፌ ጥጉ ላይ እንደቆምኩ ቲቸር ማንጠግቦሽ አየችኝ።

"ስመኝ" አለችኝ። "አንቺ ምንም አልሰማሽም።"

"አልሰማሁም፣ ቲቸር።"

"እናቱ ከሰሙ ይሞታሉ። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

ያን ቀን አመሻሽ ላይ በቤታቸው በኩል ሳልፍ የአጥሩ በር እንደ ወትሮው ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማሆይ መደባቸው ላይ ናቸው። ቲቸር ማንጠግቦሽ ትይዩ ተቀምጣ ወረቀት ታርማለች። ቀና ብላ አላየችኝም። እስከዚያ ቀን ያላወቀችውን ትጠብቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንደማይመጣ እያወቀች በር ትከፍታለች። ማልቀስ እንኳ አትችልም፤ ዓይኗ ቀልቶ ቢታይ ምን ሆንሽ ይሏታላ።

ብዙም ሳይቆይ የለተብርሃን ጦር ወደ ሌላ ቦታ ተንቀሳቀሰ። ወሬዋን አልሰማንም። ቲቸር ማንጠግቦሽ ብቻዋን አሠለጠነችን፤ አሁን ግን እኛን ማስሮጥ ብቻ አልነበረም። የምትናገረው አጥታ አታውቅም። ክንዳችን ለምን እንደሚታጠፍ፣ ጉልበታችን ለምን እንደሚላላ ባዮሎጂ እንደምታስተምረው አድርጋ ታስረዳናለች። ያቺ በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ሜዳ ላይ እስከ ገበያው ትሰማ ነበር። ልምምዱ ሲያልቅ ሹራቧን ትለብሳለች፣ ትከሻዋ ይጎብጣል፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በሁለተኛው ዓመት የደቡብ ጎንደር ትምህርት ቤቶችን አሸንፈን ባሕር ዳር ለሚደረገው ውድድር አለፍን። ሳምንት ሙሉ እዚያ ማደር ነበረብን። እኔና ሁለት ልጆች እማሆይን ልንለምናቸው ሄድን።

"እኔ መቼ ከለከልኳት?" አሉ እማሆይ። "ትሂድ። ልጄ የመጣ እንደሆነ ግን ማን ይቀበለዋል? የኔ እግር እንደሆነ እንደምታዩት ነው።"

አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት፣ "እኔ እዚህ አድራለሁ፣ እማሆይ" አለች።

"ሚስት እያለችው ጎረቤት ትቀበለው?"

ቲቸር ማንጠግቦሽ የእግር ማጠቢያ ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየኋት፤ አየችኝ። የሚመጣ ሰው እንደሌለ ከዚያ ቤት እኔና እሷ ብቻ የምናውቅ መስሎኝ ነበር። "እውነትዎን ነው፣ እማሆይ" አለችና ውኃውን አስቀመጠች።

በመሄጃችን ጠዋት ግን ቦርሳ ይዛ መናኸሪያ መጣች። ጮኽን፣ ዘለልን። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። የገብሱ ማሳ፣ የድንቹ ማሳ፣ ጭጋጉ ወደ ኋላ ቀረ። መንገዱ ቁልቁል እየወረደ ሄዶ አለም በር ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ከታች የፎገራ ሜዳ ተዘረጋ። እኔ ከደብረ ታቦር ወጥቼ አላውቅም ነበር። "ቲቸር፣ ያ የሚያብረቀርቀው ጣና ነው?" አልኳት።

"እሱ ነው መሰለኝ። ኮሌጅ ስማር ዳሩ ላይ ተቀምጬ አጠና ነበር" አለች። ድምፅዋ ተለወጠብኝ።

ሾፌሩ ለቁርስ አቆመ። ሁላችንም ወርደን ዳቦ በሻይ በላን። ጥሩምባው ሲነፋ ተሯሩጠን ገባን። ቲቸር ማንጠግቦሽን ስንፈልጋት ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጡ መኪናዎች በሚቆሙበት ጥግ ቆማለች። ቦርሳዋን ይዛለች። በመስኮት ጮኽኩ፤ "ቲቸር፣ ይግቡ እንጂ! እየሄድን ነው!"

መንገዱን ተሻግራ ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ በመስኮቱ ሰጠችኝ። "ኳሱን አንቺ አንሺላቸው" አለች። "የማትጮኸውን ከሜዳ አስወጪያት።"

"እርስዎስ?"

"አልችልም፣ ስመኝ። እዚህ ድረስ የምችል መስሎኝ ነበር።"

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ወደ ኋላ ሳይ በዚያ ሙቀት ሹራቧን እንኳ ሳታወልቅ ቆማ ነበር።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ ክፉኛ ተሸነፍን። ሁለተኛው ላይ ተናደድን፤ በማን እንደተናደድን እንጃ፣ ግን እስኪዘጋን ጮኽን። በመጨረሻ ሦስተኛ ወጣን፤ ሽልማታችንም አዲስ ኳስ ነበር። ስንመለስ መናኸሪያው ውስጥ ትጠብቀን ነበር። ስንተኛ ወጣችሁ ብላ አልጠየቀችንም።

"ጮኻችሁ?" አለች።

"ጮኽን!" አልናት፤ ከግማሾቻችን ድምፅ አልወጣም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነርስነት ለመማር ባሕር ዳር ገባሁ። ለፋሲካ እረፍት ስመጣ እማሆይ አልጋ ይዘው አገኘኋቸው። ጀርባቸው ቆስሎ ስለነበር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ቁስሉን እጠርግላቸው ነበር። አንድ ቀን እኔ ቁስሉን እያሰርኩ፣ ቲቸር ማንጠግቦሽ በማንኪያ ሾርባ ልታጠጣቸው ስትል እማሆይ እጇን ገፉት።

"በሩን ዝጊው" አሏት።

"ገና ነው፣ እማሆይ። አልመሸም።"

"ዝጊው አልኩሽ። የሚመጣ የለም።"

ቲቸር ማንጠግቦሽ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። እማሆይ ትንፋሽ እያጠራቸው ቀስ ብለው ተናገሩ። ያን ጊዜ ጣራ ገዳም ሲሄዱ አንድ ወጣት መነኩሴ እግራቸው ላይ ወድቆ አለቀሰባቸው። ከልጃቸው ጋር አንድ ምሽግ የነበረ፣ በሌሊት ተስቦ የተረፈ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ዓለም ያልተመለሰ ወታደር ነበር። ልጃቸው ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል። እማሆይ የዚያን ቀን ቆብ ጫኑ፤ ለቅሷቸውን እዚያው የገዳሙ ጫካ ውስጥ ጨርሰው፣ ፊታቸውን ታጥበው ወደ ቤት ተመለሱ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አለች ቲቸር ማንጠግቦሽ። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ የነበረው ድምፅ ነው፤ ለመስማት ጆሮ መጣል ነበረብኝ።

"ብነግርሽ ትሄጃለሻ። ልጅ ነበርሽ። እንደ ወግሽ ታገቢ ነበር። እኔ ማን አለኝ?"

ቲቸር ማንጠግቦሽ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለሰች።

"እኔም አውቅ ነበር" አለች ቲቸር ማንጠግቦሽ በመጨረሻ። "ልጆቹን ማሠልጠን ከጀመርኩ ጀምሮ አውቃለሁ።"

እማሆይ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት። "ታዲያ ምን ጎልቶሽ?"

"ከሰሙ ይሞታሉ ብዬ ነዋ።"

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከእጄ ሥር ይሰማኝ ነበር። ቲቸር ማንጠግቦሽ ተነሥታ ወጣች። ጓሮ ደርሳ እንጨት ክምሩ ላይ ስትቀመጥ በመስኮት አየኋት፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንዲሁ ተቀመጠች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሳ ገባችና የሾርባውን ሳህን አነሳች።

"ቀዝቅዟል" አለች። "ላሙቅልዎ።"

ስትሸኘኝ በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። "ወጣትነቴን ነው የወሰዱብኝ፣ ስመኝ" አለች። "ይሄን አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው? ሊሞቱ ነው እኮ።"

አልነገረቻቸውም። እማሆይ ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፉ። ለቀስተኛው ሁሉ ምራት ለአማቷ እንደምታለቅሰው ታለቅሳለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ቲቸር ማንጠግቦሽ ግራጫ ሹራቧን አውልቃ ጥቁር ለብሳ መሃል ቆመች፣ ደረቷን እየመታች የባሏን ስም ጠራች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዲት ሴት ስሙን ተቀብላ ጠራች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በአንድ ድንኳን ለሁለት ሰው ተለቀሰ። የድሮ ተጫዋቾቿ ከያለንበት መጥተን ስለነበር ከኋላዋ ቆመን አለቀስን። ተዝካራቸውንም እናትና ልጁን አንድ ላይ አወጣችላቸው።

ከዚያ በኋላ ነው በሕጋዊ መንገድ አሰልጣኝ የሆነችው። በክረምት ባሕር ዳር ለሚሰጠው የአሰልጣኞች ሥልጠና መጥታ እኔ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ አረፈች። አብረዋት የሚሠለጥኑት ገና ጢማቸው ያልወጣ ልጆች ነበሩ፤ "እትዬ" ይሏታል። ማታ ጉልበቷን በሙቅ ውኃ እየዘፈዘፈች ታማርራለች፣ ጠዋት ግን ከኔ ቀድማ ትነሣለች። ትምህርቱ ሲያልቅ ወደ ደብረ ታቦር አልተመለሰችም። ራሷ ጠይቃ ይፋግ ተዛወረች፤ ሙቅ አገር፣ የማን ሚስት እንደነበረች ማንም የማያውቅበት። እዚያ የሴት ቡድን አቋቋመች። አላገባችም። አንድ ጊዜ ስጠይቃት፣ "የሚጠብቀኝ ሰው ቤት መግባት ይጨንቀኛል" አለችኝ። ነፃ ወጣች ብዬ የማስበው እኔ ነኝ፤ እሷ ግን አመሻሽ ላይ እንግዳ ቤት ተቀምጣ ከሆነ ድንገት ብድግ ትል ነበር። ከዚያ የምትሄድበት እንደሌለ ትዝ ሲላት ትቀመጣለች።

ያመማት እኔ ባሕር ዳር ባለ ሆስፒታል ብዙ ዓመት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ ነው። ከይፋግ ለምርመራ ስትመጣ ዘመድ ተብዬ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቆመኝና ውጤቱን ነገረኝ። "ለሷ ግን አትንገሯት" አለኝ። "ቀላል ነው፣ ይድናል በሏት። ከሰማች ቶሎ ትሰበራለች።" ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ሁላችንም እንዲህ ነው ያደግነው።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ቲቸር" አልኳት። "ልነግርዎ ነው።"

ዞራ አየችኝ። "ንገሪኝ" አለች።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐኪሙ ያለውን፣ የቀራትን ጊዜ፣ የሚያመውንና የማያመውን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። የእጇ ቆዳ ያኔም እንደ ወንድ እጅ ሻካራ ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ከዚያ፣ "መቼ ነው የምወጣው?"

"ወዴት?"

"ይፋግ ነዋ። ልጆቹ ቅዳሜ ይገጥማሉ።"

ሄደች። ቅዳሜ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ሜዳው ዳር ጋቢ ደርባ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ድምፅዋ ስላልወጣ የምትለውን አጠገቧ ያለችው ልጅ እየተቀበለች ትጮህላት ነበር። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ቡድኑን ለዚያች ልጅ እያስረከበች፣ ሳምንታትን ሳይሆን ወራትን ቆየች። ሐኪሙ ቶሎ ትሰበራለች ያላት ሴት ማለት ነው።

እኔ አሁንም እዚያው ሆስፒታል ነኝ። ኮሪደሩ ላይ ቤተሰብ ይጠብቃል፤ ጋወኔን እየያዙ፣ "እህቴ፣ እንዴት ነው?" ይሉኛል። ጓደኞቼ፣ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው ያልፋሉ፤ አልፈርድባቸውም። እውነቱን መናገሬ አንዳንዴ ከአለቃዬ ጋር ያጣላኛል። እኔ ግን ማለፍ አልችልም። መጀመሪያ ስማቸውን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ወንበር ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።